በሁለት በግ ያፈረስነው ማኅበር

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018፣ ደባርቅ

«ሥራ አስኪያጁ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም፤ ሞቶ ይሆናል» አለች ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ለጓደኛዋ። አዘንሁለት። ግብር ቢሮ ወረፋ ላይ ቆሜ የሰው ሞት ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በልቤ ነፍስ ይማር አልሁ፤ ቤተሰብ ይኖረው ይሆናል ብዬም አሰብሁ።

እኔ የመጣሁት የጓሮዋን ክፍል ለማከራይበት ዓመታዊ ግብር ነበር። ተራዬ ደርሶ ስሜን ስነግራት ልጅቷ ኮምፒውተሩን አየች፤ እኔን አየች፤ እንደገና ኮምፒውተሩን አየች።

«መምህር፣ የውርጭ በር የተራራ ጉዞ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ነበርሁ» አልኋት።

«ነዎት» አለችኝ።

ልጅቷ ፍቅርአዲስ ትባላለች። ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ አስተምሬያታለሁ። በዚህ ከተማ ከመስኮት ጀርባ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አስተምሬያለሁ፤ ጥቅሙን እስካሁን አላየሁትም። እንደነገረችኝ ከሆነ ማኅበራችን አልፈረሰም። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቱሪስት ሳይመራ፣ አንድ በቅሎ ሳይጭን፣ በሕግ ፊት ግን ጤነኛ ሆኖ ኖሯል። በየወሩ ምንም እንዳልሠራ ማሳወቅ ነበረበት። አላሳወቀም። ባላሳወቀበት ወር ሁሉ ቅጣት ተጽፎበታል።

«ያልሠራ ድርጅት ምን ብሎ ያሳውቃል?»

«እንዳልሠራ።»

በዘመነ መሳፍንት ጎንደር ላይ ዙፋን ላይ ተቀምጠው ማንም የማይታዘዛቸው ነገሥታት ነበሩ። እነሱ እንኳ በየወሩ «በዚህም ወር አልገዛሁም» ብለው እንዲጽፉ አልተገደዱም።

ነገ ለማኅበሩ ሸሪኬ ለጠይብ እነግረዋለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ለጠይብ አልነገርሁትም። ሱቁ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሁለት ሴቶች፤ አንደኛዋ ሕፃን አዝላለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጠይብ ራሱ መጣ። በገበያ ቀን ሱቁን ትቶ ሲመጣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ልጁ ኑራ የተወለደች ቀን ነበር።

«አንተ መምህር፣ ቀበርነው ያልነው ነገር ተነሥቶ ሱቄን ሊዘጋው ነው!»

አስቀመጥሁት። ባለቤቴ ሸጊቱ ውኃ አመጣችለት፤ አልጠጣም። የንግድ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄዶ «ክሊራንስ የለህም» ተብሏል። የሱ ሱቅ አንድ ሳንቲም ዕዳ የለበትም። ግን የውርጭ በር ባለድርሻ ስለሆነ የግብር ከፋይ ቁጥሩ ታግዷል። ፈቃድ የሚታደሰው እስከ ታኅሣሥ ሠላሳ ነው። ሱቁ የቆመበት ቤት ደግሞ የከተማው ነው፤ ፈቃዱ ያልታደሰ ነጋዴ ቤቱን ይለቃል። ከኋላው አሥራ አራት ሰዎች ይጠብቃሉ፤ ዝርዝራቸው ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። ብርድ ልብስና ጨርቅ ሲሸጥበት ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው።

«እኛ እኮ አፍርሰነዋል» አለ። «በሽማግሌ አፍርሰነዋል። አንተም ወረቀቱን አድርሰሃል። አድርሰሃል አይደል?»

«ወረቀቱ እኮ መድረስ የነበረበት…» ብዬ ስጀምር ስልኩ ጠራ። ስለ ስልክ ብዙ ክፉ ጽፌያለሁ፤ ዛሬ አንዱን እሰርዛለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ከቅዳሴ መልስ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። ወደፊት ጠያቂ ቢመጣ መዝገብ ይኑር።

ውርጭ በርን ያቋቋምነው በ2008 ነው። ጠይብ ገንዘብ ነበረው፤ እኔ እንግሊዝኛ ነበረኝ። እሱ በቅሎና ድንኳን ገዛ፤ እኔ ፈረንጆቹን ይዤ እስከ አምቢኮ ድረስ እየወጣሁ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ የማላውቀውን ሁሉ ነገርኋቸው። መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ «ሥራ አስኪያጅ» የሚለው ቦታ ሲደርስ ጠይብ «ወረቀት የሚወደው እሱ ነው» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። እውነቱን ነው። ወረቀት እወዳለሁ። የተጠረዘ ከሆነ።

በ2012 ኮሮና ገባ። ፈረንጆቹ ጠፉ፤ በቅሎዎቹ ግን መብላታቸውን አላቆሙም። በ2013 ጥቅምት መጀመሪያ እናፍርሰው ተባባልን። ጠበቃ ማናገር ለአንዳችንም አልመጣልንም። ጠበቃ የሚፈለገው ሰው ሲጣላ ነው፤ እኛ ደግሞ የተጣላነው በአንዲት በቅሎ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌ አስቀመጥን። በእኔ በኩል የዜማ መምህሩ መርጌታ ወልደ ገብርኤል፤ በጠይብ በኩል አጎቱ ሐጂ ሳሊም፣ አሁን በሕይወት የሉም። በጠይብ ግቢ፣ ከብሳናው ሥር፣ ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጡ። በቅሎዎቹ ስድስት ስድስት ሆነው ተከፋፈሉ። ያጣላችን አሥራ ሦስተኛዋ አንድ ዓይና ነበረች፤ ሽማግሌዎቹ ለመርጌታ ፈረዷት። መርጌታ እስከ ዛሬ ይወቅሱናል፤ ገደል የምታየው በግራ ዓይኗ ብቻ ነው ይላሉ።

ከዚያ ሁለት በግ ታረደ። የጠይብ ወገን የራሱን በግ በራሱ ቢላዋ፣ የኛ ወገን የራሱን በራሱ። ሁለት ድስት፣ ሁለት ምድጃ፣ አንድ ጥላ። መርጌታ ውሉን ብራና በለመደ እጃቸው ጻፉት፤ የእግዚአብሔር ስም በቀይ ቀለም፣ የበቅሎዎቹ በጥቁር። ከታች «ከእንግዲህ ወዲህ ይህ ማኅበር አለ የሚል ቢኖር» ብለው ከባድ ግዝት ጨመሩ። ሐጂ ሳሊም ዱዓ አደረጉ። ተቃቀፍን። ጠይብ አለቀሰ፤ እኔም ጭሱ ዓይኔን ነካኝ።

አንድ ማኅበር ከዚህ በላይ እንዴት ይፈርሳል? ወረቀቱን ለመንግሥት የማሳወቁ ጉዳይ ማንበብና መጻፍ ለሚቀናው ወገን ተተወ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀን። ውርጩ የጓሮውን ጎመን አቃጥሎታል።

ወረቀቱን ዛሬ ፈልጌ አገኘሁት። ሸጊቱ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

«ቶሎ አገኘኸው» አለች።

«አጋጣሚ ነው።»

«መነጽርህን ለማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጅብሃል። ይህንን ሳታይ እጅህን ሰድደህ አወጣኸው።»

«ሸጊቱ፣ ሰው ሲቸገር ማስታወሱ ይሰላል።»

«የጠይብ ሚስት ጧት ወፍጮ ቤት አግኝታኝ ነበር። አላህ ይስጠው፣ ቴዎፍሎስ ባይኖር ማን ይጽፍልን ነበር አለችኝ። ምን ልበላት?»

«አሜን በያት።»

«ብያለሁ» አለችና ሄደች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ቢሮ ሄድን፤ እኔ፣ ጠይብ፣ ኑራ፣ መርጌታም በምስክርነት። ኑራ ዳባት ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ነው የምትሠራው፤ ለአባቷ ስትል ፈቃድ ጠይቃ መጣች።

ፍቅርአዲስ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። ጓደኞቿን ጠራች። አራት የመንግሥት ሠራተኞች ከበው አዩት። አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሣው። በዚህ ቢሮ ታሪክ እንዲህ ያማረ ሰነድ ገብቶ አያውቅም።

«ማኅተሙስ?» አለች ፍቅርአዲስ።

«ግዝት አለበት» አሉ መርጌታ።

«አባቴ፣ ማኅተም ማለቴ ነው። በሰነድ ማረጋገጫ የጸደቀ ቃለ ጉባኤ፣ የሒሳብ አጣሪ ሪፖርት፣ የጋዜጣ ማስታወቂያ። እነዚህ ከሌሉ ማኅበሩ አለ።»

መርጌታ ደነገጡ። «ልጄ፣ አለ አትበዪ! በገዛ አፍሽ ግዝት አትግቢ።»

«እኔ አይደለሁም ያልሁት፤ ሲስተሙ ነው።»

«ሲስተሙ የማን ልጅ ነው?»

ጠይብ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው። ወዲያው ግን ፍቅርአዲስ ወደ እኔ ዞረች። «ቢያንስ ያኔ ይህን ወረቀት አምጥታችሁ ቢሆን ‹ሥራ አቁሟል› ተብሎ ይመዘገብ ነበር፤ ቅጣቱም አይቆጥርም ነበር። ወይም በየወሩ ዜሮ ብታሳውቁ።»

«አምጥቷል እንጂ!» አለ ጠይብ። «መምህር ያኔውኑ አምጥቷል። እናንተ ጋ ነው የጠፋው።»

ፍቅርአዲስ እኔን አየችኝ። ኑራ እኔን አየችኝ። መርጌታ ወረቀቱን አዩት፤ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ቅጂ ይሆናል» አልሁ።

«እኔ የጻፍሁት አንድ ነው» አሉ መርጌታ፤ ከዚያ ግን ደግ ሰው ስለሆኑ ሳል ያዛቸው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

በጥድፊያ። የጎንደር መንገድ ዛሬም የለም። ሰነድ ማረጋገጫ መሄድ አልተቻለም። ኔትወርክ የለም። ሒሳብ አጣሪ የሚባል ሰው አምባ ጊዮርጊስ አለ ተብሎ ነበር፤ የለም፤ እህል ነጋዴ ነው። ማፍረሱ ቢፈጥን ስምንት ወር። የቀረን ሃያ ስምንት ቀን። ጠይብ ደወለ፤ አላነሣሁም። ተመልሶ ደወለ፤ «እንዳትጨነቅ» ሊለኝ ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ፍቅርአዲስ ብቻዬን አስጠራችኝ። በሩን ገርበብ አደረገች፤ የደብዳቤ ማስረከቢያ መዝገብ አወጣች። 2014፣ 2015፣ 2017። ሦስት ማስጠንቀቂያ ለውርጭ በር ሥራ አስኪያጅ ተልኳል። በሦስቱም መስመር ላይ ፊርማ አለ።

«የርስዎ ነው መምህር?»

ተመለከትሁት። ጥሩ ፊርማ ነው። ቴ ላይ ያለችው ጭረት በተለይ።

«የኔን ይመስላል» አልሁ።

«ደብዳቤዎቹን አንብበዋቸዋል?»

እኔ አርባ ዓመት ያገኘሁትን ሁሉ ያነበብሁ ሰው ነኝ። የሽንኩርት መጠቅለያ ጋዜጣ እንኳ ሳላነብ አልጥልም። «ፖስታው ሲታይ የመንግሥት ነበር» አልኋት፤ እንደ መልስ ተቀበለችው ወይም ተወችው።

ከዚያ መንገድ እንዳለ ነገረችኝ። ግዴታው የሥራ አስኪያጁ ነበር። ባለድርሻው ጠይብ «ሥራ አስኪያጁ ግዴታውን አልተወጣም» ብሎ ቢያመለክት፣ ወይም ሥራ አስኪያጁ ራሱ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ቢፈርም፣ ቅጣቱ ወደ ሥራ አስኪያጁ ይዞራል፤ የጠይብ እገዳ ይነሣል። በአንድ ቀን ያልቃል።

«ክፍል ውስጥ ‹ያረፈደ ወረቀት አልቀበልም› ይሉን ነበር» አለች ስወጣ፤ ያለ ክፋት። «አንድ ቀን ሁለት ደቂቃ አርፍጄ ዜሮ ሰጥተውኛል።»

አላስታውስም። የዜሮው ግን ሊሆን ይችላል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11፣ ዳባት

ኑራን ላናግር መጣሁ። በሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ያወሩ ነበር።

«የጠይብ ሱቅ ሊለቀቅ ነው አሉ። እኔ ሰባተኛ ነኝ።»

«ምን አጥፍቶ?»

«እሱማ ምንም። ሰው ነው ያበላሸው። አንድ መምህር።»

«መምህርን ማን ንግድ ውስጥ አስገባው!»

ስለ ሙያው ክብር መልስ ልሰጥ ነበር። መውረጃዬ ደረሰና ወረድሁ።

ኑራ መድኃኒት እየቆጠረች ነበር። አራት በሽተኛ ሸኝታ ወንበር ሰጠችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ፊደል ያስቆጠርኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ ዓይኗን እያየሁ መናገር ከበደኝ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አይቆጡኝም?»

«ጠይቂ።»

«ወረቀቱን ያኔ አድርሰውታል?»

ስለ ኮሮና ነገርኋት። ስለ መንገዱ መዘጋት፣ ስለ ጦርነቱ፣ ቢሮዎች ስለ ተዘጉበት ጊዜ፣ በዚያ ሰሞን ወረቀት ይዞ መንቀሳቀስ እንኳ ምን ያህል አስጊ እንደነበር፣ በጥቅሉም ስለ አገሪቱ የመዝገብ አያያዝ ታሪክ ነገርኋት። ጥሩ ገለጻ ነበር፤ በምሳሌም የተደገፈ።

አቋርጣኝ አታውቅም፤ ዛሬም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «ገባኝ» አለች።

ምን እንደገባት አልጠየቅኋትም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

ኑራ ቢሮ ሄዳ ፍቅርአዲስን ጠይቃ፣ ለእኔ የነገረችኝን መንገድ ለአባቷ ነግራዋለች። የማመልከቻ ወረቀት አስጽፋ፣ ፊርማ ብቻ አስቀርታ ሱቁ ድረስ አምጥታለታለች። እኔ እዚያው ብርድ ልብስ ክምር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ እንደገባች መውጣት ፈለግሁ፤ ጠይብ እጄን ይዞ አስቀመጠኝ።

«አንብቢለት» አላት። «እሱም ይስማ፤ ሳቁን ይሳቅ።»

አነበበችው። ሥራ አስኪያጁ የተጣለበትን ኃላፊነት ባለመወጣቱ፣ ይላል። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ነጠላ ሰረዝ ይጎድለዋል።

«አየህ መምህር? በሰው ላይ ፈርም ትለኛለች። ሠላሳ ዓመት በማውቀው ሰው ላይ። አደረስሁ ብሎኛል፤ አድርሷል።»

«አባዬ፣ ቀኑ እያለቀ ነው።»

«ይለቅ! ቤቱ የከተማው ነው፤ ቢሄድ ይሄዳል። ገበያ መሬት ላይ ዘርግቼ እሸጣለሁ፤ ስጀምርም መሬት ላይ ነው የጀመርሁት። ወላሂ በሱ ላይ አልፈርምም።»

ኑራ ወደ እኔ ዞረች። ወረቀቱን ለአራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሻይ መጣ። ጠጣሁ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

እንቅልፍ የለም። ማንበብ አልተቻለም። አንድ ገጽ አምስት ጊዜ። ዛሬ በጠይብ ሱቅ በኩል ላለማለፍ በጊዮርጊስ ዞሬ ሄድሁ። ሩብ ሰዓት ይጨምራል። ተመልሼም በዚያው። ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ያለው ዝርዝር አሥራ ስድስት ደርሷል። ሸጊቱ፦ «ዛሬም ዞርህ?» ጫማዬ ላይ ያለውን ቀይ አፈር አይታ ነው።

ዘጠኝ ቀን።

ዐርብ፣ ታኅሣሥ 24

ዛሬ ስለ ወረቀቱ ሳልጽፍ ልዋል ብዬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሽምግልናው በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ጦርነቱ መጣ፤ መንገዱ ተዘጋ። ይህንን ለሁሉም ነግሬያለሁ፤ እውነትም ነው። ቢሮው እዚሁ ደባርቅ ውስጥ እንደሆነ ግን አልተናገርሁም፤ ሁሉም ስለሚያውቀው መናገር አያስፈልግም። ከቤቴ ለሚነሣ ሰው ከቤተ መጻሕፍቱ ይቀርባል። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ቤተ መጻሕፍት አሥራ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ።

ለምን እንዳላደረስሁት አንድ ምክንያት ብቻ ብፈልግ ብዙ አገኛለሁ። ካደረስሁት በማግስቱ ጡረታ የወጣ መምህር ነኝ። ካላደረስሁት፣ የስም ካርዴ እንደሚለው፣ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ካርዶቹ ሁለት መቶ ስልሳ ቀርተዋል። ለምን እንደቆጠርኋቸው አልጽፍም።

ጠይብ «አደረስህ?» ያለኝ በአንድ ወዳጃችን ሠርግ ላይ ነው። አፌ ሙሉ ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ። የጎረስሁትን ስውጥ ወሬው ወደ ሙሽራዋ ቤተሰብ ሄዶ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ አልተመለሰም።

ሰው በንግግር ብቻ ይዋሻል ብዬ አምን ነበር።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27

ሄድሁ። በጊዮርጊስ ሳልዞር።

ጠይብ ለአንዲት ሴት ጨርቅ እየለካ ነበር። ሴትዮዋ እስክትወጣ ልጠብቅ አልሁ፤ ከዚያ ራሴን አወቅሁት፤ ሴትዮዋ ስትወጣ ሌላ ትገባለች።

«ጠይብ፣ ወረቀቱን አላደረስሁትም።»

ክንዱ ላይ ያለው ጨርቅ ቆመ። ስንት ሜትር ላይ እንደደረሰ ጠፋው፤ ከመጀመሪያው ጀመረ።

«መቼ?» አለ ሳያየኝ።

«መቼም።»

«ያኔ አዎ አልኸኝ።»

«አላልሁም። ራሴን ነው የነቀነቅሁት።»

«መምህር።» አሁን አየኝ። «ራስህን ነቀነቅህ።»

«አዎ።»

ሴትዮዋ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች፤ ጨርቁን አትለቅም። ጠይብ ለካ፣ ቀደደ፣ አጠፈ፣ ገንዘቧን ተቀበለ፣ መለሰላት። «ሦስት ሜትር ተኩል ነው እህቴ። ለተኩሉ አታስቢ፤ ባንቺ ላይ ብዙ ቆየሁ።» ከዚያ «ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«ዘጠኝ ተኩል።»

«በአሥራ አንድ ይዘጋሉ» አለና ጫማውን ፈለገ።

እስከ ቢሮው ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። ፍቅርአዲስ ወረቀት ሰጠችኝ። የሌላ ሰው እንዳይመስል በገዛ እጄ ጻፍሁት፤ «ጥፋቱ የእኔ የሥራ አስኪያጁ ነው፤ ሰነዱን ያላደረስሁት እኔ ነኝ፤ ማስጠንቀቂያዎቹን ተቀብዬ ያልከፈትሁት እኔ ነኝ።» አጭር ነው። አምስት ዓመት የፈጀ ጽሑፍ አይመስልም። ቅጣቱ ወደ ስሜ ዞረ፤ በየወሩ ከጡረታዬ እየተቆረጠ አራት ዓመት ከሁለት ወር።

ፍቅርአዲስ ስምምነቱን ጮክ ብላ አነበበችልን፣ ለሁለታችንም። «ማኅበሩ በሕግ እስኪፈርስ ድረስ ሥራ አስኪያጁ በየወሩ ዜሮ ያሳውቃል። የአንዱ ወር እስከሚቀጥለው ወር ሠላሳ ድረስ። የታኅሣሥ እስከ ጥር ሠላሳ ማለት ነው። አንድ ወር ከጎደለ ስምምነቱ ይሰረዛል፤ የጋሽ ጠይብም ክሊራንስ አብሮ ይሰረዛል፤ ፈቃዳቸውም ይታገዳል። ገባዎት መምህር?»

«ገብቶኛል» አልሁ፤ በቃል፣ በግልጽ፣ ሌሎች እየሰሙ።

«ሌላ ሰው ይወክሉ? ኑራ ትችላለች» አለች።

«እኔው ነኝ የማደርገው» አልሁ። ይህን ያህል እንኳ ልካስ።

ጠይብ መስኮቱን ያይ ነበር። «ይሁን» አለ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 30

ፈቃዱ ታደሰ። በመጨረሻው ቀን፣ ከምሳ በኋላ። የሰማሁት ከሸጊቱ ነው፤ እሷ ከጠይብ ሚስት። ትናንት ገና ነበር፤ በየዓመቱ ጠይብ ለእንኳን አደረሳችሁ ይመጣል። ኑራ መጣች። ስኳር አምጥታለች። «አባዬ ሥራ በዝቶበት ነው» አለች፤ ከዚያ እኔን እንደምታውቀኝ አስታወሰችና «አይ፣ አልበዛበትም» አለች።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ጥምቀት አለፈ። ሰላምታ የለም። በሱቁ በኩል አልፋለሁ፤ አሁን አልዞርም። እሱ ጨርቅ ያያል፤ እኔ መንገድ አያለሁ። ዛሬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«እንዴት አደርህ» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ስድስት ቃል ነው። ቤት ገብቼ ለሸጊቱ ነገርኋት፤ «ቆጠርሃቸው?» አለችኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 2

ሰላም ነው። ረመዳን ሊገባ ስለሆነ ጠይብ ሱቅ ሰው በዝቷል፤ በውኑ በዝቷል፤ ስምንት ሰው ቆጥሬያለሁ። ሳልፍ ጠርቶኝ ብርድ ልብስ ክምሩ ላይ አስቀመጠኝ። ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣ አንድ ነጋዴ «እኚህ ማን ናቸው?» ሲለው «ሥራ አስኪያጄ ነው» ብሎ ሳቀ፤ ከልቡ፣ እንደ ድሮው፣ ጠረጴዛውን እየመታ። ሻይ አዘዘልኝ። ዛሬ ጣዕም ነበረው።

ወደ ንባቤም ተመልሻለሁ። እንቅልፌ ተስተካክሏል። ያለፈውን ሳምንት በሙሉ መጻሕፍቴን አውርጄ፣ አራግፌ፣ በዘመን ቅደም ተከተል ስደረድር ሰነበትሁ፤ ቅዳሜ ማታ ጨረስሁ። ሸጊቱ ክፍሉን አይታ «ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ጀምረህ ጨረስህ» አለች። ሳስበው ልክ ናት። ይህ የብጥብጥ ወራት ምንም ካላስተማረኝ፣ ሰው በስልሳ ስድስት ዓመቱም ሊለወጥ እንደሚችል አስተምሮኛል፤ ይህን የምጽፈው በኩራት ሳይሆን ለመዝገብ ያህል ነው።

የታኅሣሥ ወር ማሳወቂያ የሚገባበት የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ፣ ጥር ሠላሳ ነበር፤ መጻሕፍት ስደረድር አልፎኛል።